ሰም ለደብሩ፣ ማር ለማኅበሩ፦ የወይዘሮ እናናዬ ሀብተ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እናናዬ ከአባታቸው ከቄስ ሀብተ ሚካኤል ጥሩነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ አየልኝ በዳባት ወረዳ፣ ከወቀን ከፍ ብላ በምትገኘው አስታ ሜዳ ጎጥ ግንቦት 21 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚህች በአጥቢያችን ማርያም ይቀድሱ ነበር። እናታቸው ደግሞ ጥጥ ፈትለው፣ ከባላቸው ቀፎ በሚወጣው ሰም የደብሩን ጧፍ ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ እናናዬ ፊደልን ከአባታቸው፣ ጧፍ መሥራትን ከእናታቸው ተማሩ። ንብ ማነብን ግን ያስተማራቸው የለም። በአገራችን ሴት ቀፎ አትነካም ይባል ነበር።

ዳባት ከዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ሸጋው ጫኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ድረስን፣ ጽጌሬዳንና ጥበብን ወለዱ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጎጡን ሴቶች ፊደል አስቆጥረዋል። እናታቸው ሲያርፉ የደብሩን ጧፍ እሳቸው ተረከቡ።

አቶ ሸጋው በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ዘመድ ተሰብስቦ የሟቹ ቀፎዎች ለወንድ ይሰጡ አለ። ወይዘሮ እናናዬ «ንቡ ሱሪ ይመርጣል እንዴ?» አሉና የባላቸውን ካፖርት ለብሰው ማሩን ቆረጡ። ፊታቸው ለሳምንት አብጦ ቆየ። ቀፎውን ግን አልሰጡም።

በ2003 ዓ.ም. የአስታ ሜዳ ንብ አናቢዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም ብቸኛዋ ሴት አባል ነበሩ። የወረዳው ባለሙያ ወይዘሪት ትሕትና ዘመናዊ ቀፎ አመጣች፤ ማሩን አሽከርክሮ የሚያወጣ በርሜልም አመጣች። በአሮጌው ቀፎ ማር የሚቆረጠው በኩበት ጢስ ነው፤ የማሩ እንጀራ ከነሰሙ ተጨምቆ ያልቃል። በአዲሱ ግን ማሩ ብቻ ይወጣና እንጀራው ሳይፈርስ ለንቡ ይመለሳል። ማሩ ነጭ ሆነ፣ ጢስ የማይሸት ሆነ፣ በዛም። ከጎንደር የማር ገዥ መጣ። አባላቱ አሮጌውን ቀፎ እየተዉ ወደ አዲሱ ገቡ።

ያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ሰም ጠፋ። ሰም ከሌለ ጧፍ የለም። ደብሩ ከደባርቅ ሱቅ ሻማ ገዝቶ አበራ፤ ጭሱም የመቅደሱን ሥዕል አጠቆረ። ቄሰ ገበዝ ሰይፈ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ እናናዬን በሰው ፊት «እናናዬ፣ ማሩ ለጎንደር፣ ጥላሸቱ ለማርያም ሆነ?» አሏቸው። ከአባላቱም ይህ ቁጣ ያመጣል፣ ወደ አሮጌው ቀፎ እንመለስ የሚሉ ተነሡ። እሳቸው ማኅበሩን ቢተዉ ልጆቻቸው ከትምህርት ይቀራሉ። ጧፉን ቢተዉ የእናታቸው አደራ ይጠፋል።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር፣ ለሰሙ ሲሉ አንድ አሮጌ ቀፎ አስቀርተው ቆረጡ። ሰሙን ለጧፍ አደረጉ። ማሩን መጣል ስላሳሳቸው ከማኅበሩ በርሜል ጨመሩት። ገዥው መጥቶ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ። «ይሄ ማር ኩበት ኩበት ይላል» ብሎ መልሶ ገጠመው። የሁሉም ማር በአንድ ላይ ተገልብጦ ስለነበር የዓመቱ ማር ሳይሸጥ ቀረ።

የማኅበሩ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተጠራ። ያጠፋው ሰው ሳይፈለግ ወይዘሮ እናናዬ ተነሥተው «ጢሱ የኔ ነው። ሰም ፈልጌ ነው። ማሩን ከእናንተ ማር የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከአባላቱ አቶ ገዱ «ታዲያ ማርያም ትክፈለን?» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ እናናዬ አልተቀመጡም። እያንዳንዱ አባል አንድ አሮጌ ቀፎ ለደብሩ ይስጥ፣ ቀፎው ከቅጥሩ ውስጥ ይሰቀል፣ ሰሙ ለጧፍ፣ ማሩ ለንግሥ ዝክር ይሁን፣ አንዲት ጠብታም ወደ ማኅበሩ መጋዘን አትሻገር አሉ። አቶ ገዱ «ደግሞ ንቡ ቀዳሹን ሊነድፍ!» አለ። ሰው ሳቀ። ቄሰ ገበዙም «እኔን ከነደፈኝ ኃጢአቴን አውቆ ነው፤ አምጡ» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቀፎዎቹ ከቅጥሩ ጽድ ላይ ተሰቀሉ። የጧፍ ቀፎ ተባሉ። የደብሩ ማር በእንስራ፣ የማኅበሩ በጄሪካን ብቻ እንዲገባ ወይዘሮ እናናዬ ደነገጉ፤ ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተጣሰም። እያንዳንዱን ጄሪካንም ጢስ እንዳይኖረው ራሳቸው እያሸተቱ ይቀበሉ ነበር። በዓመቱ ገዥው ተመልሶ መጣ። የሴት አባላትም በረከቱ። በኋላ ማኅበሩ የማርን ውኃ የሚለካ መሣሪያ ገዛ። አባላቱ እንግዲህ ማሽተትዎን ይተዉ ቢሏቸው «እሱ ውኃውን ይይ፤ ጢሱን ለኔ ተዉልኝ» አሉ። የልጃቸውን የድረስን ጄሪካን ሳይቀር አሽትተው መልሰዋል። ድረስ ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ማሩ ወራት ሲቀመጥ አንድም ጄሪካን አልቦካም። ያን ጊዜ ከዛሪማ የተፈናቀለ ቤተሰብ በግቢያቸው አስጠግተው ነበር።

ልጆቻቸውን በማር አስተማሩ። ድረስ ገበሬና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ጥበብ በዳባት መምህር ነው። ጽጌሬዳ ያንን የአባቷን ካፖርት ለብሳ ማር ትቆርጣለች።

ወይዘሮ እናናዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም በጎንደር ሲታከሙ ቆይተዋል። በዚህ ኅዳር መግቢያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውሰዱኝ ብለው፣ ጽጌሬዳ የጧፍ ቀፎውን ስትቆርጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያም ትራስ ተደግፈው የዘንድሮውን ጧፍ ሠሩ። ለጽዮን ማርያም የሚሆነውን ለይተው፣ ሌላ አንድ እስር ለብቻው አስቀመጡ። ለማን እንደሆነ ሲጠየቁ «ለእንግዳ ነው» አሉ።

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ታላቅ ወንድማቸው አቶ ውዱ ሀብተ ሚካኤል ከኋላቸው ቀርተዋል።

እንግዶቹ እኛ ነን። ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት ጧፍ ያ እስር ነው።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ጧፍ በማያስፈልግበት ብርሃን ያኑርልን። አሜን።