አሺ ማለት እሺ አይደለም

ሰኞ
እሺ ባልኩ በአምስት ደቂቃ ጸጸተኝ። ኮቢር ባይ እዚህ ጆሃንስበርግ ከኛ ስፓዛ፣ ከትንሿ ሱቃችን፣ ጎን ስልክ የሚጠግን የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ "ባይ" በቤንጋሊ ወንድም ማለት ነው። የቲያትር ቡድን አለው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚያሳዩትን ድራማ የጻፈው እሱ ነው፤ አባቷን ትታ ባሕር ማዶ ስለምትሄድ ልጅ። ልጅቷን የምትጫወተው ሴት ድንገት አገሯ ገባች። "ሲስተር፣ ኳየር ስትዘምሪ ሰምቻለሁ፤ ድምፅ አለሽ፤ እሷን ተኪልኝ" አለኝ። የምናገረው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሌላው ማልቀስ ነው። ማልቀስስ አያቅተኝም።

ማክሰኞ
ልምምድ። ጉድ ሆንኩ።
"ስትወጪ አሺ በዪ" አለኝ።
"እሺ" አልኩ።
"አይደለም፣ አሺ!"
"እሺ!"
ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። እኔ እቴ፣ አፌ ከእሺ አልላቀቅ አለ። ቃሉ "መጣሁ" ማለት ነው። ከቤት የሚወጣ ሰው "ሄድኩ" አይልም፣ ደግ አይደለም። የሚቀረው ደግሞ "ኤሾ" ይላል፣ ነይ እንደማለት። ይሄ አልከበደኝም፤ እኛስ ሱቅ ጥለን ብቅ ስንል "መጣሁ" እንል የለ? ባሌ ታምራት ግን "በማታውቂው ቋንቋ ሕዝብ ፊት ልትዋረጂ!" አለኝ። ተኳርፈን አደርን።

ሐሙስ
የሚያስጨንቁኝ፦ የምጠመጥመው ሳሪ ይፈታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይሰማሉ። "እሺ" እላለሁ።
ከልምምድ በኋላ ኮቢር ባይ ስለ ቡድኑ አጫወተኝ። ጆሃንስበርግ ሲመጡ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ባለሱቅ። አንድ የጅምላ ዕቃ መጋዘን ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ገጥመው መድረክ ሠሩ። ያኔ ሴት ስለሌለ ወንድ ሳሪ ለብሶ ሴት ልጅ ይሆናል፤ ማልቀሻው ላይ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። "ቅዳሜም ከሳቁ በቃኝ፣ ቡድኑን እበትነዋለሁ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ምነው ባልነገረኝ!

አርብ
ዳቦ ለጠየቀኝ ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ሰጠሁ። አሺ፣ አሺ እያልኩ ዋልኩ። አንዲት ጎጎ፣ አሮጊት ደንበኛዬ፣ "ጉንፋን ያዘሽ ልጄ?" አለችኝ።

ቅዳሜ
አዳራሹ በባንግላዴሽ ሰዎች ሞላ። ታምራትም እንዳኮረፈ መጥቶ ከኋላ ቆመ። ሻንጣዬን አንስቼ በሩ ጋ ዞርኩ። "አሺ" አልኩ። ጥርት ብላ ወጣች! ማንም አልሳቀም።
አሁን አባቴን የሚጫወተው ኮቢር ባይ "ኤሾ" ይላል። አላለም። ሻንጣዬን ብቻ ያያል። ስንቱን ያስተማረ ሰው አንዲት ቃል ጠፋችው። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ነይ ሳልባል እንዴት እወጣለሁ?
ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ "ኤሾ" አለኝ። ከኋላም ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ኤሾ፣ ኤሾ። ያኔ ወጣሁ። እንባዬ የድራማው ይሁን የራሴ አላውቅም።
ከመጋረጃው ጀርባ ኮቢር ባይ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። "ለሚመጣው ዓመት ሁለት ቃል እጽፍልሻለሁ" አለኝ።
ቡድኑን አይበትነውም ማለት ነው። ግን ሁለት ቃል እንዴት አድርጌ እችላለሁ?