ከአመዱ ሥር የወጣው ክንድ

ጎንደር፣ አራዳ
ግንቦት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ አጎትህ ነጋ ነው። ልጄ ዳኛው፣ ይህን ከሰላምታ በማስቀደሜ አትቀየመኝ። በዚያ በአፋር በረሃ ጤናህ እንደምን ነው? እኔ አለሁ።

ደብዳቤህን ራሴ አነበብኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አምና ነጋ ከቁፋሯችሁ ተሰናብቶ ሲመጣ የክንድ አጥንት በነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ወንድሜ ነው፤ ጨው ሊጭን በወረደበት መንገድ ዳር አገኘሁት» አለኝ። አባትህ አለነ ከወረደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አመንኩ። ፍትሐት አስፈታሁት፣ አስቀበርኩት፣ ተዝካሩን አወጣሁ። አንተም አለቀስክ።

አሁን ግን ነጋ በቆፈረበት ቦታ ክንድ የጎደለው ሰው አገኘን፣ ዕድሜው ብዙ ሺህ ዓመት ነው ትለኛለህ። ተራራ የተፋው አመድ ከላዩ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ኋላ የተቀበረ ቢሆን አመዱ ይቆረጥ ነበር፤ አጠገቡም የድንጋይ ቢላዋ እንጂ ብረት የለም ብለሃል። ውሸትህን እንዲሆን ተመኝቼ የቤቴን ወለል ቆፈርኩ። በየዓመቱ የለቀለቅሁት እበት አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሯል፤ የእህል ጉድጓድ በነበረበት ግን ተቆርጧል። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነትህን ነው።

አጥንቱን መልሽልን ስላልከኝ ቄስ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄድኩ። «ከጌታ ልደት በፊት የሞተ ሰው ነው የፈታነው?» ብለው ሳቁ። «እሱም የአዳም ልጅ ነው፣ ምን ከፋው! ፍትሐት የደረሰለትን ግን ቆፍሬ አላወጣም።»

ነጋንም ጠየቅሁት። ያን አመድ በገዛ እጁ የጠረገው እሱ ነው፤ የአባትህ አለመሆኑን ያውቅ ነበር።

«አለነ ይሙት፣ መንገድ መንገድ ማየት ትተሽ እንድታርፊ ብዬ ነው እትዬ።»

«በሞተ ሰው ይሁን ባለ ሰው እንደምትምል መጀመሪያ እወቅ» አልኩት። አቀርቅሮ ወጣ።

እሁድ ቄሱ የአባትህን ስም ከሙታን ጋር ሊጠሩ ሲሉ ከለከልኳቸው። «ታዲያ ከሕያዋን ጋር ልጥራው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

አንተን ከእባብና ከውኃ ጥም ይሰውርህ። እግርህን ወደ ቤትህ ይመልሰው። የአባትህን ስም ግን ከእንግዲህ ለማንም ቄስ አልሰጥም።

እናትህ ባንቺአየሁ