በግራ እጅ የተጠረበ ግድግዳ

ጥቅምት 4

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት። መሐንዲሷ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ድንጋይ ጠርቤ ነው ያስተማርኳት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ እሷን ብሰድባት እንኳ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ቀኑም ከቀኑ እየተደባለቀብኝ... ለዚህ ነው የማስጽፈው።

ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ደጅ ወጥቼ ጀርባዬን ለግድግዳዬ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አንተስ መቼ ነው? አለኝ። ግድግዳው ሲሄድ፣ አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ኅዳር 2

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። መልሶ ማልማት ይሉታል። የአዲሱን ትልቅ ሕንፃ ፊት የምትሠራው ማን ናት? የገዛ ልጄ። ጉድ እኮ ነው።

ትናንት አስረዳችኝ። ከፈረሱት ቤቶች ድንጋይ ይለቅሙና በመጋዝ እንደ ዳቦ ይቆርጡታል፤ ከጣት የሳሳ። ጀርባው ላይ አልሙኒየም ይለጥፉና ሕንፃው ላይ በብረት ይሰቅሉታል። በድንጋዩና በሕንፃው መሐል አየር ያልፋል፤ ውስጡ በሙቀት አይታፈንም። እስካሁን የሞከረው የለም ትላለች።

"አባዬ፣ አሁን ግድግዳ ቤት አይሸከምም። ቤቱ ነው ግድግዳውን የሚሸከመው።"

የሚታዘል ግድግዳ! ሕፃን ነው ወይስ በሽተኛ? አልኳት።

ብዕሩ ቆመ። ጻፊ እንጂ።

ኅዳር 19

የኔን ግድግዳ ፈለገች። ከሰፈሩ ሁሉ እንደሱ ያለ ድንጋይ የለም አለችኝ። አውቃለሁ፤ ነጋሪ አያሻኝም። ቤቱ እንደሆነ መፍረሱ አይቀርም። ድንጋዩ ግን የኔ ነው። ከከለከልኳት ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል።

ያን ግድግዳ የጠረብኩት በግራ እጄ ነው። የሌላ ጠራቢ የመሮ ምት ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ የኔ ወደ ግራ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጨለማ ስትመጣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ነበር ቤቷን የምታውቀው። ልጅቷም ግራኝ ሆና ወጣች። አስተማሪዋ እጇን ሊያስር ተነሣ። ሄድኩበት። ምን እንዳልኩት አይጻፍ... ጻፊው። እጇን ብታስር አንተን አስርሃለሁ፣ ነው ያልኩት።

ሌሎቹ የሠራኋቸው ቤቶች አንድ ባንድ ፈርሰዋል። እጄ ያለበት የቀረው ይሄ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ድንጋዩ ሲቆረጥ መሮዬ ያረፈበት ፊት በመግቢያው በር አጠገብ ይሰቀል። የሰው እጅ በሚደርስበት።

"እሺ አባዬ። ቃሌ ነው።"

ውሰጂው፣ አልኳት።

ጥር 8

ናሙናውን ፈተኑት። አንድ ግድግዳ አቁመው በትልቅ ማራገቢያ ነፋስ ለቀቁበት፣ በቧንቧ ውኃ ረጩበት። እውነቱን ልናገር፤ እንዲወድቅ ነበር የምፈልገው። አልወደቀም። ጠብታ እንኳ አላስገባም። ፎርማኑ መጥቶ፣ አባባ ምን ይላሉ? አለኝ። በአንድ ቀን ነፋስ ማን ይወድቃል? አልኩት። ልጄ ስትስቅ ሰማሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ... ይቅር።

ጥር 27

ቤቴ ፈረሰ።

መጋቢት 15

በቤቴ ምትክ የሰጡኝ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ጎረቤቴ ሲያስል ከኔ ደረት የወጣ ይመስለኛል። ጀርባዬን የምሰጠው ነገር አጣሁ።

ልጄ ሰሞኑን ዝም ብላለች። ድንጋዮቼስ? ስላት፣ እየተሰቀሉ ነው ትልና ወሬ ትለውጣለች። ሥራ ቦታ ከሰው ተጣልታ ይሆን? ትጽፋለች እንጂ አትመልስም።

ግንቦት 21

ሄድኩ። ሳልነግራት፣ ብቻዬን፣ በምርኩዜ። ዓይኔ ከፍታውን አላየልኝም፤ ብልጭልጭ ብቻ። በሩ ጋ መዳፌን አሳረፍኩ። ልስልስ ነው፤ ሳህን በለው። ወደዚህ ዳሰስኩ፣ ወደዚያ ዳሰስኩ። አንዲት የመሮ ምት የለችም። የድንጋዩ ሆድ ነው። እኔ የጠረብኩት ራሴ እንኳ አይቼው የማላውቀው ሆዱ...

ዘበኛው፣ አባባ ምን ጠፋብዎት? አለኝ። እጄ፣ አልኩት። ሁለቱንም እጆቼን አየና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማታ ጠየቅኳት። "ከላይ ነው የተሰቀለው፤ አምስተኛው ፎቅ ላይ" አለችኝ።

እሺ።

ግንቦት 22

አምስተኛ ፎቅ የማን እጅ ይደርሳል? የወፍ?

ሰኔ 3

ዛሬ ጻፊ ስላት ብዕሩን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ ከላይም የለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸካራ ድንጋይ መጋዙ ላይ አይተኛም። ስለዚህ ለቆራጮቹ በምትልከው ሥዕል ሁሉ ግርጌ፣ ከመቆረጡ በፊት ሁለቱም ፊት ይላግ ብላ ታዛለች። ለሁሉም ድንጋይ እንደዚያ ነው። የኔ ድንጋይ ተራ ሲደርስ ያንኑ ሥዕል ቀድታ ላከችው። ያቺን አንዲት መስመር ሳትሰርዛት ቀረች። ከልምድ። ቆራጮቹ የታዘዙትን ሠሩ። ፊቱ ዱቄት ሆኖ ከመጋዙ ውኃ ጋር ሄደ። ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ማንም አይደለም።"

ልቆጣ ነበር። አፌን ከፈትኩ... ቁጣው አልመጣም። የመጣው ድካም ነው። ሕንፃው እንደሆነ ቆሟል፤ ሰው እያደነቀው ያልፋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህንንም ጻፊው። እኔ ግን ከእንግዲህ በዚህ ምድር ላይ የት አለሁ?

ደብተሩን ስጪኝ አልኳት። ገጹን በጣቴ ዳሰስኩት። ስትጽፍ ብዕሩን ትጫነዋለች፤ ከልጅነቷም እንዲሁ ናት። ወረቀቱ ተቦርቡሯል። ጭረቱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ጣቴን ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ።

አሁን መልሳ ይዛዋለች። ተይ አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱን ታረጥቢዋለሽ።

በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስድቤን እንዳትዘልዪ። አምስተኛው ፎቅ ያልሽበትንም።