ጉም የለበሰው መስታወት

ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ቁጭ በል።

ድመቷን ሙጫ ይዛ የሞዴል አውሮፕላንህ ላይ አገኘኋት ብዬ ግማሽ ገጽ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። እኔ ነኝ።

ባለ አንድ ወንበሩን የፕላስቲክ ጄት ቆርጠህ የበረራ አስተማሪ ለነበሩት ለጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአስተማሪውን የኋላ ወንበር ሠራህላቸው። ፎቶ ስላልተረፈላቸው ፊታቸውን ከልብህ አውጥተህ በመርፌ ጫፍ ቀባኸው። የቀረው ከወንበሮቹ በላይ ያለውን መስታወት መክደን ነበር። ነገ ለባለቤታቸው ለእማማ ከመውሰድህ በፊት ጨርሼ ላስደንቅህ አልኩ።

ያንተ ሙጫ እስኪይዝ ጥጃ ላም ይሆናል፤ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ በሙጫው ትነት መስታወቱ ነጭ ጉም ለብሷል። ጋሼ አይታዩም።

በጥርስ ሳሙና ፈተግኩት፤ ጉሙ ግን ከውስጥ ነው። ልነቅለው ስል የአውሮፕላኑ ጀርባ ተሰነጠቀ፤ ተውኩት። አንተ የውሃ ጠርሙስ አሙቀህ የሠራኸውን ዓይነት መስታወት ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ ሳቁብኝ። እጄን በቆረጠው።

ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ።
ቁልፉ አከራያችን ጋ ነው።
እህቴ ቤት ነኝ፤ አትደውል።

ለእማማ «ደመና ውስጥ ገብተው ነው» በላቸው ልልህ አማረኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው የሚፈልጉት የጋሼን ፊት ነው።