ኤ ብለህ የጻፍከው ደም

ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ውድ ቦናያ፣

ዱብሉቅ በሰላም መግባትህን ለባለቤቴ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ስትዘረጋልኝ ግን እጄን አወዛውዤ እምቢ አልኳት። ካናገርኩህ ይህ የምጽፍልህ ነገር ከአፌ አምልጦ በስልክ ተበላሽቶ ይነገራል ብዬ ነው የፈራሁት። አንተ እንደምታውቀው እኔ ወረቀት ካልያዝኩ ሐሳቤን በቅጡ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። አባትህ ኦቦ ዋቆ በሕይወት እስካሉ ድረስ ላንተ እንዳልነግርህ ቃል ያስገቡኝ ነገር አለ። እሳቸውን ከሸኘን አርባ ቀን ሞላ። አሁን ልነግርህ እችላለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ በደል ይሆንብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1999 ዓ.ም. እዚህ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ላይ ጄኔራል ባዮሎጂ ሳስተምራችሁ ነው። ሃምሳ አራት ተማሪ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ላብራቶሪ ብለን የሰየምነው የሲሚንቶ መጋዘን። እኔ ያኔ ከነገሌ እስከ ሞያሌ ድረስ ከእኔ የተሻለ ባዮሎጂ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ የማምን ወጣት መምህር ነበርኩ። ትምህርቱን ስጀምር የምናገረው ነገር ሁሌም አንድ ነው፤ «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» እላለሁ። ከዚያ የሽንኩርት ልጣጭ አሳይቼ ሳሉ አልኳችሁ። ሃምሳ ሦስታችሁ የሞጁሉን ሥዕል ገልብጣችሁ አመጣችሁ። ያ ኤልያብማ የሥዕሉን ቁጥር ሳይቀር ነው የገለበጠው። አንተ ብቻ ዙሪያው የጠቆረ አንድ ክብ ነገር ስለህ፣ ከሥሩ «ይህን ነገር አላውቀውም» ብለህ ጽፈህ ነበር። የአየር አረፋ ነው ያየኸው። ከአሥር አሥር ስሰጥህ ክፍሉ አጉረመረመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ካንተ ላይ አልተነሳም። ሳይገባህ ገባኝ ብለህ አታውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሴል ሽፋን ለፍልፌ ስጨርስ እጅህን አውጥተህ «ቲቸር፣ እስከ በሩ ድረስ ገብቶኛል፤ ከበሩ ወዲያ ጠፋብኝ» ብለኸኝ ነበር። ደግሜ ሳስረዳህ ገባህ። በእረፍት ሰዓት ከሊበን ገጠር ለመጡት ልጆች በኦሮምኛ ስትነግራቸው ሰማሁህ፤ ካንተ የገባቸውን ያህል ከእኔ ገብቷቸው አያውቅም። እውነቱን ልንገርህና ቀናሁብህ።

ከዚያ የደም ዓይነት የምንመረምርበት ሳምንት መጣ። ጣታችሁን እየወጋሁ፣ በመስታወቷ ላይ ሁለቱን የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብታዎች እያደረግኩ፣ ደሙ የተጓጎለበትን እያየሁ የእያንዳንዳችሁን በመዝገቤ ላይ ጻፍኩ። ያንተ በሁለቱም አልተጓጎለም፤ ኦ ብዬ መዘገብኩ። ቀጥዬም የቤት ሥራ ሰጠሁ። የአባትና የእናታችሁን የደም ዓይነት ጠይቃችሁ፣ የራሳችሁን ጨምራችሁ፣ ከማን ምን እንደወረሳችሁ በሥዕል አሳዩ አልኩ። ሞጁሉ ላይ ያለውን እንዳለ ነው የሰጠኋችሁ።

እኔ እዚሁ ነገሌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የተወለደ ልጅ ማለት እንደሆነ፣ «አልወለድከውም» የሚል ቃል በአባት ፊት እንደማይወጣ፣ ያወጣውም ሰው በሽማግሌ እንደሚወቀስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያን የቤት ሥራ ስሰጥ ግን አንድ አፍታ እንኳ አልታወሰኝም። ሁለት ሦስት ልጆች «ወላጆቻችን ገጠር ናቸው፣ የደም ዓይነት ካርድ የላቸውም» እያሉ ሲያመነቱ ሰበብ አትፍጠሩ ብዬ ተቆጣሁ።

አባትህን ግን ነገሌ ሁሉ ያውቃቸው ነበር። በድርቅ ጊዜ በየመንደሩ ውሃ የሚያደርሱ የቦቴ ሹፌር፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ ሆስፒታል ሄደው ደም የሚለግሱ ሰው ነበሩ። የለጋሽ ካርዳቸውን ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር አብረው ስለሚይዙት ትራፊክ ሲያስቆማቸው ሁለቱንም ነበር የሚያሳዩት ይባላል። ካርዱ ላይ ኤቢ እንደሚል አንተ ታውቃለህ።

ወረቀትህ እጄ ሲገባ «አባት ኤቢ፣ እናት ኤ፣ እኔ ኤ» ይላል። መዝገቤ ኦ ይላል። በጣም ተናደድኩ። አረፋውን አረፋ አድርጎ የሳለው ልጅ እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ክፍሉ መሀል አስነሣሁህ።

«ቦናያ፣ የደም ዓይነትህ ምንድን ነው?»

«ኤ ነው ቲቸር።»

«መዝገቡ ኦ ነው የሚለው።»

ዓይንህን ወደ ደብተርህ መለስክ።

«ና፣ ጣትህን አምጣ። አሁኑኑ ደግመን እንየው።»

እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተትክ። «ይቅርብኝ ቲቸር።»

«ከኤልያብ ገልብጠህ ነው?»

ኤልያብ «ኧረ ቲቸር፣ ከእኔ ማን ይገለብጣል» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። አንተ አልሳቅክም። ዜሮ ሰጠሁህ። የተግባሩ ሥራ ከመቶ አርባ ይይዛል፤ ያለ እሱ ኮርሱን ትወድቃለህ፣ ኮርሱን ከወደቅክ ደግሞ ከኮሌጁ ትሰናበታለህ። ይህን እኔም አንተም እናውቅ ነበር። ተቀመጥክና ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ማስታወሻህን ጻፍክ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ኤቢ የሆነ አባት ለልጁ ወይ ኤን ወይ ቢን እንደሚሰጥ፣ ኦ ሊወልድ እንደማይችል በዚያው ሳምንት ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ወረቀትህን ሳይ ግን ያንተን መስመር ከመዝገቤ ጋር ብቻ ነው ያመሳከርኩት። አጭበርባሪ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ሌላው አልታየኝም። አንተ ግን ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥዕሉን ስትሠራ ወዲያው ታይቶህ ነበር። ማንም ሳይነግርህ፣ እኔ ባስተማርኩህ ትምህርት ብቻ።

ዓርብ ዕለት አባትህ ቦቴያቸውን ኮሌጁ በር ላይ አቁመው መጡ። ተማሪ ነግሯቸው ነው። ቢሮዬ ደፍ ላይ ቆመው «ናጋ ጅርታ መምህር» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡኝ። ተነሥቼ ተቀበልኳቸው።

«ልጄ ዋሸ ብለው ነገሩኝ። ልጄ አይዋሽም። ከዋሸም ምን ብሎ እንደዋሸ ልወቅ፤ የምቀጣውም ከሆነ አውቄ ልቅጣው» አሉ።

እኔም ጥፋትህን ላስረዳ ወረቀቱን አወጣሁ። «ይኸውልዎ፣ አባት ኤቢ ይላል። እናት ኤ። ራሱን ደግሞ ኤ ብሎ ጻፈ። በምርመራ የወጣው ግን...»

ጣቴ ኤቢ የሚለው ላይ ነው፤ ዓይኔ መዝገቡ ላይ ኦ የሚለውን ያያል። ያኔ ነው የገባኝ።

«የወጣው ግን ምን?»

«የወጣውም ኤ ነው» አልኩ፤ መዝገቡን በመዳፌ ሸፍኜ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ኦቦ ዋቆ። ስጽፍ መስመር ተሳስቻለሁ።»

አባትህ የሸፈነውን መዳፌን አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንቱ መምህር፣ ደግ ሰው ነዎት። ውሸት ግን አልለመደብዎትም። ኦ ነው አይደል?»

መዳፌን ከመዝገቡ ላይ አነሣሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ሰባት ዓመቱ ነበር። ወባ ይዞት ደሙ አለቀ። ክንዴን ዘርግቼ ተኛሁ፤ ያንተ ለልጁ አይሆንም አሉኝ። ደጅ ላይ ዓብዱሰላም የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር፣ ሌላ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ። የሱ ሆነ። እሱ ሰጠው፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ደም ስጥ ብለውኝ እምቢ አላልኩም። የኔ የሚሆንለት የሰው ልጅ የትም አይጠፋም ብዬ ነው።» ቀጥለውም «በተወለደ በአራተኛ ቀኑ ነው እጃችን ላይ የገባው። ልጄ ነው። አያውቅም ብዬ ነበር፤ አሁን አወቀ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አወቀ» አልኳቸው።

«አውቆ ምን አደረገ?»

ነገርኳቸው። የእርስዎን ሊለውጥ ይችል ነበር፣ እኔ ካርድዎን ልጠይቅ አልመጣም ነበር አልኳቸው። የእርስዎን አልነካም። የራሱ መዝገቤ ላይ እንዳለ እያወቀ፣ እንደምይዘውም እያወቀ፣ ከእርስዎ ሊወለድ የሚችል እንዲሆን የራሱን ለወጠ። ክፍሉ ፊት ሳዋርደው ለምን እንዳደረገው አንድ ቃል አልተናገረም። ከኮሌጅ ሊባረር ነበር።

ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቦቴያቸውን የሚያዩ መስለው ብዙ ቆሙ፤ በሸሚዛቸው እጅጌ ፊታቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ለእሳቸው ስትል ልትከፍል የነበረውን ዋጋ ያወቁት ያን ቀን ይመስለኛል።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉኝ ሲመለሱ። «ማወቄን አይንገሩት። እሱ እኔ እንዳላውቅ ብሎ ይህን ያህል ከደከመልኝ፣ እኔም እንዳላወቀ ሰው ልኑርለት። ስሞት ግን እንዳሻዎት።»

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ መዝገቡን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩህ። ተማሪው ጉድ አለ፤ «ቲቸር ሸዋንግዛው ተሳስቶ አያውቅም» ይሉኝ ነበርና ለሁለት ሳምንት መሳቂያ ሆንኩ። ኦ የምትለዋን ሰርዤ ኤ ጻፍኩባት። በማስተማር ዘመኔ አይቼ ያልጻፍኩት እሱን ብቻ ነው፤ አልጸጸትበትምም። አንተ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥተህ መሬት መሬት እያየህ «አመሰግናለሁ ቲቸር» አልክ። «ለምኑ?» አልኩህ። ሁለታችንም ሌላ አልጨመርንም።

ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነን። አንተ ዱብሉቅ ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለህ። ተማሪዎችህ በክረምት ኮርስ እኔ ጋ ሲመጡ ወዲያው እለያቸዋለሁ፤ ያልገባቸውን አልገባኝም ይላሉ። ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ ቦናያ። ብዙዎቹ ካንተ የበለጠ ውጤት አምጥተዋል፣ ዶክተር የሆኑም አሉ። እንዳንተ ያከበርኩት ግን የለም። ይህን በጊዜው ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ሳልነግርህ ኖርኩ።

አሁን ወደ ነሐሴው ነገር ልምጣ። አባትህ ጨጓራቸው ደምቶ ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን ለእሳቸው የሚሆን ደም አልተገኘም ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰጡ የኖሩት ሰው አልጋ ላይ ሆነው ሲጠብቁ ማየት አንጀት ይበላል። አንተ ከዱብሉቅ በጭነት መኪና መጥተህ፣ ቀጥታ ላብራቶሪ ገብተህ ደምህን አስመርምረህ ወደ አባትህ አልጋ መጣህ። እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ የክፍሉ በር ላይ ብቅ ብላ፣ በደግነት፣ ጮክ ብላ «ቦናያ ዋቆ፣ ያንተ ኦ ነው፤ ለአባትህ ይሆናል፣ ና» አለች።

አንተ እሷን አላየሃትም፤ አባትህን ነው ያየኸው። ዓይናቸው ተከድኗል። በእግር ጣትህ እየተራመድክ ወጣህ። ሰጥተህ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዝክና «ቲቸር፣ ሰምተው ይሆን?» አልከኝ። በዚያ ጉዳይ በመካከላችን የወጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። «ኧረ ተኝተዋል» አልኩህ።

አልተኙም ነበር። አንተ እንደወጣህ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኦ አለች?»

«አዎ ኦቦ ዋቆ።»

«ለኔ ይሆናል አለች?»

«አዎ፣ ይሆናል።»

«ያኔ የኔ ለሱ እምቢ ብሎ ነበር» አሉ። «የሱ ለኔ እሺ አለ።»

ከዚያ ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው፣ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰብስበው፣ ደሙ እስኪመጣ ድረስ ዘርግተው ጠበቁ። የእግርህን ኮቴ ሲሰሙ፣ አንተ እንዳትደነግጥ ብለው፣ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

እናትህን በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ በእሳቸው አታስብ።

መምህርህ ሸዋንግዛው