ከላይ ሰልባጅ፣ ከሥር ሱፍ

ወንድሜ ኡርማት፣ እናታችን አፓ ከምታስጽፈኝ ምርቃት በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ፦ አንተ በረዶ ላይ በስኪ ስትንሸራተት እንድትለብሰው አፓ የሠራችልህን የሱፍ ሹራብ ለብሼ ነው ይህን የምጽፍልህ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታስጽፈኛለች።

«በረዶው ምንጣፍ፣ ንፋሱ ወዳጅ ይሁንህ ልጄ። ላሚቱ ወልዳለች። በሕልሜ ነጩን ተራራ ስትወጣ አየሁህ፤ ደመናው ከጉልበትህ በታች ይንሳፈፋል፣ ጀርባህ እንደ ፈረስ ይጨሳል። ጥጥ ለብሰህ ነበር! ላብ የጠጣ ጥጥ ቁልቁለቱ ላይ ይገድልሃል። የኦስትሪያ ጓደኞችህ ውድ ካፖርት ገዙ ብለህ ደሞዝህን አትበትን፤ ንፋስ የማያስገባ ሰልባጅ ጃኬት ይበቃሃል። ከሥር ግን ሱፍ!»

ራሷ እኮ ስኪ ረግጣ አታውቅም፤ በረት እስክትደርስ እንኳ ሁለቴ ትወድቃለች። ምክሯ ስህተት መሆኑን አሳይቼ ላሳፍራት ብዬ ዛሬ ጠዋት ሹራቡን ለብሼ በአባባ አሮጌ ስኪ ኮረብታውን ወጣሁ። ላብ አጠመቀኝ። ጫፉ ላይ ቆሜ ሐይቁ በጭጋግ ሲዋጥ ሳይ ጊዜውን ረሳሁት፤ ብርዱ ግን አልደፈረኝም። አሮጊቷ እውነቷን ነው! እንዳትነግራት።

«ስትሄድ እንደ ወጋችን የነከስካት ዳቦ ምስማሩ ላይ ተሰቅላ ትጠብቅሃለች፤ በደህና መጥተህ ጨርሳት። ሹራቡን ነገ እልክልሃለሁ...»

ዓይኗን ገለጠች።

«ቤጋይም! ምድጃው አጠገብ ካፖርትሽን እስከ አገጭሽ የቆለፍሽው ምን ደብቀሽ ነው?»