በቀቀኑ የለመደው ቃል

ይድረስ ለእናቴ፤

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ክረምት ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ዘንድሮ ተወሽ ወይስ እንደ ልማዱ ከአልጋሽ ያስነሳሻል? የጓሮው ጎመን ደረሰ? ቤተልስ እንዴት ናት? ሁላችሁንም በጌታ ሰላም እላችኋለሁ።

እዚህ ላይ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጻፍ አላጣሁትም። ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ዛሬ ግን አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው እስክነግርሽ ድረስ ታገሺኝ። እስከ ዛሬ ታገሺ ስትዪኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ አሁን ተራው ያንቺ ይሁን።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ምሥራቅ ትባላለች። ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ጠቅልላ አገሯ መግባቷ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ የምንለውን ታውቂዋለሽ። እንዲያውም የምነግርሽ ስለሱ ነው።

በቀቀኑን መቼም ታስታውሺዋለሽ። አምና ቪዲዮ የላኩልሽ፣ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚለው ግራጫ ወፍ። ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳዪ ሰነበትሽ፤ የልጄ ወፍ እንኳን ጌታን ያመሰግናል አልሽ አሉ። የኔ አይደለም እማዬ። የሆቴሉ ባለቤት የጋሽ መልከጼዴቅ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ላንቺ ስጽፍ ግን አንቱታው እምቢ አለኝ፣ ይቅር በይኝ። አንድ ነጋዴ ከኮንጎ ድንበር አምጥቶ ሰጠው፣ እሱም አምባሳደር ብሎ ስም አወጣለትና በረንዳው ላይ፣ ከጀነሬተሩ ፊት ለፊት ሰቀለው። የሽቦ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ወፉ ክንፉን ዘርግቶ አያውቅም።

ቃሉን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም። ቡሉክ ሰፈር ያለው ሆቴላችን ውስጥ ዋይፋዩ ደህና የሚሠራው እዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ሐበሾቹ አገር ቤት የምንደውለው እሱ ሥር ቆመን ነው። ወጥ ሠሪያችን እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ «ደህና ነኝ እማ» ትላለች። ዘበኛው ወባ እያንቀጠቀጠው «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። እኔም የማወራሽ እዚያው ቆሜ ነው። ተኩስ ተሰምቶ በር ዘግተን በዋልንበት ቀን እንኳን፣ ያ ድምፅ ምንድን ነው ስትዪኝ የሠርግ ርችት ነው አልኩሽ፣ ቀጥዬም ደህና ነኝ አልኩሽ። ወፉ ይህን ሁሉ ሲሰማ ኖረ። አንድ ቀን ጠዋት በኛው ድምፅ፣ በኛው አነጋገር፣ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ቁጭ። ሳቅን፣ አጨበጨብን፣ ቀረጽነው። ሁላችንም ለየእናታችን ላክን።

ቪዲዮው ስልክሽ ላይ ካለ እስቲ ደግመሽ ክፈቺው። አፉን ተዪውና ደረቱን እዪው። ላባ የለውም። አንድ ላባ ይመዛል፣ በመንቆሩ ያኝከዋል፣ ይጥለዋል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ደግሞ ሌላ ይመዛል። ያን ጊዜ እኛም አላየነውም። ቃሉ አስደስቶን ሌላውን ማን አየው።

ቆይቶ ነው ነገሩ የባሰው። ለወጥ የተነጨ ዶሮ መሰለ። እንግዶች መጸየፍ ሲጀምሩ ጋሽ መልከጼዴቅ ቅማል ነው ብሎ የቅማል ዱቄት ነፋበት። ሀይ ጀላባ ሰፈር ከምንሰበሰብበት ኅብረት አንዲት እህት መጥታ ደግሞ መንፈስ ነው አለች፤ እጇን ሽቦው ላይ ጭና ጸለየችለት። ልቧ ቅን ነው፣ አልፈርድባትም። ስትጨርስ ወፉ «ጌታ ይመስገን» ሲላት ነፃ ወጣ ብላ እልል አለች። ከግቢው ሳትወጣ መንጨቱን ቀጠለ።

ሐኪም ያመጣችው አኮል ናት። አኮል ሪሴፕሽን የምትሠራ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ በስደት ስላደገች በአማርኛ እንኳን ማውራት ትቀልድበታለች። ኩዋኝ የሚባል የአጎቷ ልጅ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሮ የመጣ ዶክተር ነው። ወፉን አገላብጦ አየው። ቅማልም የለው፣ የቆዳ በሽታም የለው፣ ጨንቆት ነው አለ። ወፍ ከቢጤዎቹ ጋር የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ብቻውን ጠባብ ቦታ ተዘግቶበት፣ ቀኑን ሙሉ ጀነሬተር ሲጮህበት፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ገዛ ገላው ይዞራል አለን። ሲነጭ ለትንሽ ጊዜ ይቀለዋል፣ ስለዚህ መተው ያቅተዋል። ታስሮ የሚውል ፈረስም የገዛ ጎኑን ይነክሳል፣ ጦጣም እጇን ትነክሳለች። ሰውም ያደርገዋል አለ፤ ጥፍሩን የሚበላ አለ፣ ጸጉሩን የሚነቅል አለ፤ እብደትም ጋኔንም አይደለም፣ ጭንቀት ነው፣ ይታከማል። ይህን ሲል አኮል ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ሻሼን አስተካከልኩ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው አለ ጋሽ መልከጼዴቅ። ሰፋ ያለ ቤት፣ ከጀነሬተሩ ራቅ ያለ ቦታ፣ አጠገቡ ሌላ ወፍ፣ የሚያጫውተው ሰው አለው ዶክተሩ። ጋሽ መልከጼዴቅ ሳቀ፤ ነገ ሠራተኞቼም ይህንኑ ይጠይቁኛላ አለ። ከዚያ የዘይት ባልዲ ክዳን መሐሉን በሳና አንገቱ ላይ አጠለቀለት፣ መንቆሩ ገላው ጋ እንዳይደርስ።

እውነቱን ለመናገር መንጨቱን ተወ። ደረቱ ላይ ለስላሳ ላባ በቀለለት። ጋሽ መልከጼዴቅ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አዳንኩት ይል ነበር። አኮል ግን መንቆሩ አልደረሰለትም እንጂ ማን ዳነ አለች። መናገሩንም ተወ። ቀኑን ሙሉ ከወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ በክዳኑ ጠርዝ ሽቦውን ሲፍቅ ይውል ነበር። ለእንግዳ ግን ያምር ነበር።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ የወፍ ወሬ ላወራሽ እንዳይመስልሽ። ቤተልን ልትልኪያት ነው። እኔ ሳልሰማ ከጋሽ መልከጼዴቅ ጋር በስልክ ጨርሳችሁ፣ ፓስፖርቷም ወጥቶ። እህትሽ ትመጣልሻለች፣ ከእንግዲህ ብቸኝነት አይሰማሽም አልሽኝ። ብቸኝነት እንደሚሰማኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው። አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። ልምጣ ስልሽ ጣሪያው ይለቅ አልሽ። ጣሪያው ሲያልቅ አጥሩ አልሽ። አጥሩ ሲያልቅ ቤተል ትመረቅ አልሽ። ይኸው ተመረቀች፣ አሁን ደግሞ እሷ ትሂድ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብዬሽ ነበር እኮ አንድ ጊዜ፣ እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ። ጸልዪበት፣ ስትለምጂው ይተውሻል አልሽኝና ስለ አጥሩ በር ቀለም አማከርሽኝ። እጸልያለሁ። ጌታን አልወቅስም። የምወቅሰው አንቺን ነው፣ ጻፍኩት፣ ወጣልኝ።

ቤተል እንዳትመጣ። እዚህ ስትደርስ ጋሽ መልከጼዴቅ ፓስፖርቷን ለመኖሪያ ፈቃድ ነው ብሎ ይቀበላትና መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል፣ የኔን እንዳደረገው። ከግቢ የምትወጣው እሑድ ለአምልኮ ብቻ ነው። የምታድረው እኔ ክፍል ነው፣ መስኮቱ ጀነሬተሩ ላይ የሚከፈት። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆማ ደህና ነኝ ትልሻለች፣ አንቺም ታምኛታለሽ።

ደግሞ ፎቶ ላኪ ትዪኛለሽ። ያለ ሻሽ፣ ጸጉርሽን ልየው፣ በዚያ ሙቀት ምን ያስጠመጥምሻል ትዪኛለሽ። ጸጉሬን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ደጃፍ ላይ ከጉልበትሽ መሐል አስቀምጠሽ ስትሠሪኝ፣ ጸጉሬ እጅሽን ሲሞላው ለአላፊ አግዳሚው ታሳዪ ነበር። ፎቶውን አልልክም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ መልከጼዴቅ በጀልባ የመጣ ዕቃ ሊያስወርድ ወደብ በሄደበት ጠዋት፣ አኮል የሽቦ ቤቱን ከፈተችና ክዳኑን በመቀስ ቆርጠን ከአንገቱ አወጣንለት። ይበራል ብለን ነበር። አልበረረም፤ የሚበርበትን ላባ ድሮ ጨርሶታል። እየተንገዳገደ ክንዴ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ። ዶክተር ኩዋኝ ወፎች ሲዋደዱ አንዱ የሌላውን ላባ በመንቆሩ ያበጥርለታል፣ ሰው የለመደ ደግሞ የሰውን ጸጉር ያበጥራል ብሎን ነበር። መንቆሩን ከሻሼ ሥር አስገባ። ቀስ ብሎ፣ ሳያሳምመኝ ፈለገ። ከጆሮዬ በላይ ፈለገ፣ ወደ ማጅራቴ ዞሮ ፈለገ። የሚያበጥረው አላገኘም። ከዚያ ራሱን ጉንጬ ላይ አስጠግቶ «ደህና ነኝ» አለ፣ በኔ ድምፅ። አኮል አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም።

በማግሥቱ አኮል ታላቅ ወንድሟን አስከትላ የጋሽ መልከጼዴቅ ቢሮ ገባች። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ስትወጣ ፓስፖርቴን ሰጠችኝና ኻላስ፣ አለቀ አለችኝ። ወፉንም ይዛው ሄደች፤ ክዳኑ ሲወልቅ ደረቱን መልሶ ነጭቶት ስለነበር ጋሽ መልከጼዴቅ ይኼ የተነጨ ነገር እንግዳ ከሚያባርርብኝ ውሰጂው አላት። ዶክተር ኩዋኝ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ሐኪም ስልክ ጽፎ ሰጥቶኛል። የወፍ ሐኪም አይደለም።

ስለዚህ እማዬ፣ የቀረኝ ያንቺ ቃል ብቻ ነው። ሳትጠሪኝ መጥቼ በሠራሁት ጣሪያ ሥር እንደ እንግዳ መቀመጥ አልፈልግም። ምሥራቅ ይህን ስትሰጥሽ እንደምትደውዪልኝ አውቃለሁ። ስትደውዪ ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ። እሱን ከጠየቅሽኝ የምመልስልሽን አፌ ለምዶታል። ነይ በይኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። የቤተልን ጸጉር አንቺው በእጅሽ ሥሪላት፣ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ።

በስልክ የምታውቂያት
ልጅሽ